ለትንሽ ዩኒቨርሲቲ 15,000 ወንበር ለምን? የሂንክል ፊልድሃውስ ታሪክ

በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት ዋና ከተማ በኢንዲያናፖሊስ፣ በትለር የሚባል የግል ዩኒቨርሲቲ አለ። ትልቅ አይደለም። ዛሬም ቢሆን የተማሪዎቹ ቁጥር ከጥቂት ሺህ አያልፍም። ይሄ ዩኒቨርሲቲ በ1928 ወደ 15,000 ተመልካች የሚይዝ የስፖርት አዳራሽ ከፈተ። በዚያን ጊዜ በመላው አሜሪካ ከዚህ የሚበልጥ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አልነበረም። ይሄንን ደረጃ እስከ 1950 ድረስ ማንም አልነጠቀውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዳራሹ ዛሬ ሂንክል ፊልድሃውስ ይባላል። እስካሁን ቆሟል፣ እስካሁን ይጫወቱበታል። ታሪኩን ለመረዳት ግን አንድ ቀላል ጥያቄ መመለስ አለበት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በሙሉ ተሰልፈው ቢገቡ እንኳ አብዛኛው ወንበር ባዶ ይቀር ነበር። ታዲያ ይሄን የሚያህል ቤት ለማን ተሠራ?

መልሱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አይገኝም። ቤቱን ያስገነቡት፣ ያስከበሩትና ታሪክ የሠሩበት ከሁሉ በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከትንንሽ የገጠር ከተሞችና ከከተማው የጥቁሮች ሰፈር የመጡ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች።

ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጋጠምበት ውድድር

ቅርጫት ኳስ በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት ተፈጠረ። ብዙም ሳይቆይ ኢንዲያና ደረሰና እዚያ ሥር ሰደደ። ለምን እዚያ? ኢንዲያና ትንንሽ የእርሻ ከተሞች የበዙባት ግዛት ናት። ለአሜሪካ ፉትቦል ብዙ ተጫዋችና ብዙ ዕቃ ያስፈልጋል። ለቅርጫት ኳስ አምስት ልጆች፣ አንድ ኳስና ሁለት ቀለበት ይበቃሉ። የጨዋታው ወቅት ደግሞ ክረምት ነው። አዝመራው ተሰብስቧል፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ሰው ምሽቱን የሚያሳልፍበት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ቡድን የከተማው ሁሉ ቡድን ሆነ።

ከ1911 ጀምሮ በየዓመቱ የግዛቱ ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር። የዚህ ውድድር ደንብ በደንብ ቢብራራ ጥሩ ነው፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት ይመደባሉ። ትልቅ ከትልቅ፣ ትንሽ ከትንሽ ይጋጠማል። ኢንዲያና ግን እስከ 1997 ድረስ ምድብ የሚባል ነገር አልነበራትም። መቶ ምናምን ተማሪ ያለው የገጠር ትምህርት ቤትና ሁለት ሺህ ተማሪ ያለው የከተማ ትምህርት ቤት ለአንድ ዋንጫ ይጫወቱ ነበር። አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ሻምፒዮን ብቻ ነው።

ይሄ ደንብ በግዛቱ ያለውን ሰው ሁሉ የጉዳዩ ባለቤት አደረገው። የፍጻሜው ቀን ሲደርስ ትኬት ለማግኘት የሚደረገው ግፊያ ከዓመት ዓመት ባሰ። የነበሩት አዳራሾች ሕዝቡን መያዝ አቃታቸው።

ውሉ

በ1920ዎቹ በትለር ከቀድሞ ሰፈሩ ለቆ ፌርቪው ወደሚባለው ሰሜናዊ የከተማው ክፍል ለመዛወር እየተዘጋጀ ነበር። አዲስ ግቢ፣ አዲስ ሕንጻዎች። ስፖርትን በአንድ ጊዜ ታላቅ ማድረግ የፈለጉ ሰዎችም ነበሩ። ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ?

41 የኢንዲያናፖሊስ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ተሰባስበው ኩባንያ አቋቋሙ። የግንባታውን ገንዘብ በዚያ መንገድ አሰባሰቡ። ወጪው 750,000 ዶላር ገደማ ነበር። ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከየት እንደሚመለስ ይጠይቃል። አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ በክረምት የሚያደርጋቸው ጥቂት ጨዋታዎች ይሄን ዕዳ አይከፍሉም።

እዚህ ላይ ነው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ስፖርት ማኅበር የሚገባው። ማኅበሩ ትልቅ አዳራሽ ፈልጎ ያጣ ነበር። ኩባንያው ደግሞ አስተማማኝ ተከራይ ይፈልግ ነበር። ማኅበሩ የፍጻሜውን ውድድር እዚያ ለማድረግ የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል ፈረመ። አሁን በየዓመቱ መጋቢት ላይ ቤቱ እንደሚሞላ ታወቀ። ገቢውም ታወቀ። 15,000 የሚለው መጠን የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ ቆጥሮ ያወጣው ሰው የለም።

ብዙ ሰው ይሄን ክፍል አሰልቺ ብሎ ይዘለዋል። እኔ ግን የታሪኩ ቁልፍ ይመስለኛል። ያቺ የኪራይ ውል ባትኖር ኖሮ በትለር ሁለትና ሦስት ሺህ ሰው የሚይዝ ተራ ጂምናዚየም ይሠራ ነበር። ከዚህ በታች የምንተርከው አብዛኛው ነገርም እዚያ አይሆንም ነበር።

ቤቱ እንዴት ቆመ?

ንድፉን የሠራው አርክቴክት ፈርሞር ስፔንሰር ካነን ነው። ከውጭ ሲታይ ረጅም ቀይ የጡብ ሕንጻ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ብሎ የተጠማዘዘ። ተራ ሊመስል ይችላል። ጉዱ ያለው ውስጥ ነው።

አሥራ አምስት ሺህ ሰው አንድ ሜዳ ማየት ካለበት መሃሉ ክፍት መሆን አለበት። ሜዳ ላይ ዓምድ ማቆም አይቻልም። ታዲያ ያን ሁሉ ጣሪያ ምን ይሸከመዋል? ግዙፍ የብረት ቅስቶች። የቅስት አሠራር ሲገባ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመው፣ ወደ መሃል ሲያዘነብሉ አስቡ። አንዱ ሌላውን ይደግፋል፤ ክብደታቸው በክንዳቸውና በሰውነታቸው አልፎ ወደ እግራቸው ይወርዳል። መሃላቸው ያለው ቦታ ክፍት ነው። የአዳራሹ ቅስቶችም የጣሪያውን ክብደት ወደ ጎንና ወደ ታች፣ እስከ መሠረቱ ያወርዱታል።

ሌላው ነገር መስኮቶቹ ናቸው። በአዳራሹ ጫፎች ከፍ ብለው የተሠሩ ሰፋፊ መስኮቶች አሉ። በቀን ጨዋታ ሲኖር የፀሐይ ብርሃን እስከ ሜዳው ድረስ ይገባል። ዘመናዊ አዳራሾች የቴሌቪዥን ካሜራ እንዳይረበሽ ብለው ጥቅጥቅ ያለ ሳጥን ሆነው ይሠራሉ። እዚህ ግን ጠዋትና ከሰዓት ይለያል። ይሄ ለእኔ ከቤቱ ውበቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

ሜዳው በመጀመሪያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነበር። በ1933 ዞሮ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሆነ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ መጋቢት 7 ቀን 1928 ተደረገ። በትለር ኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲን በጭማሪ ሰዓት 21 ለ 13 አሸነፈ። ውጤቱ ለዛሬ ሰው ይገርማል። በዚያን ዘመን ግን ጨዋታው ዘገምተኛ ነበር፤ ቅርጫት በተቆጠረ ቁጥር ኳሱ ወደ መሃል ተመልሶ በዝላይ ይጀመር ነበር።

በዚያው ወር የመጀመሪያው የግዛት ፍጻሜ እዚያ ተካሄደ። ማንሲ ሴንትራል ማርቲንስቪልን 13 ለ 12 አሸነፈ። በአንዲት ነጥብ ከተሸነፈው ቡድን ውስጥ ጆን ዉደን የሚባል ልጅ ነበር። ይሄ ልጅ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ የሎስ አንጀለሱን ዩሲኤልኤ 10 ጊዜ የአሜሪካ የኮሌጅ ሻምፒዮን አደረገው። እስከ ዛሬ በወንዶች ያን ያህል ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ የለም።

ስሙን የሰጠው ሰውዬ

አዳራሹ ለረጅም ጊዜ የሚጠራው በትለር ፊልድሃውስ ተብሎ ነበር። ስሙ የተቀየረው በ1966 ነው። ቶኒ ሂንክል ወደ በትለር የመጣው በ1921 ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቶ ካገለገለበት በቀር እስከ 1970 አልተለየውም። ቅርጫት ኳስ አሰልጥኗል፣ የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጥኗል፣ ቤዝቦልም አሰልጥኗል። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊም ነበር። አዳራሹ በስሙ ሲጠራ ራሱ እዚያው እያሰለጠነ ነበር።

ሂንክል ለዓለም የተወው ነገር ግን ከዚህ ይሰፋል። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ የቅርጫት ኳስ ቀለም ጥቁር ቡናማ ነበር። ለተጫዋቹም ለተመልካቹም ለማየት ያስቸግራል። በተለይ አዳራሹ ትልቅ ሆኖ ሰው ርቆ ሲቀመጥ። ሂንክል ከስፖልዲንግ ኩባንያ ጋር ሠርቶ ብርቱካናማ ኳስ እንዲወጣ አደረገ። ኳሷ በ1958 የኮሌጆች ፍጻሜ ላይ ተሞከረች። ተወደደች፤ ቀረች። ዛሬ በየትኛውም አገር ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲስሉ ብርቱካናማ የሚቀቡት በዚህ ምክንያት ነው።

የሂንክል ተማሪዎች ሲመረቁ ብዙዎቹ በኢንዲያና ትምህርት ቤቶች አሰልጣኝ ሆኑ። ኳስ በቅብብል እያንሸራሸሩ ክፍተት የሚፈልጉበትን የእሱን አጨዋወት ይዘው ወጡ። ከእነሱ አንዱ ማርቪን ዉድ ነበር። ወደ እሱ እንመጣለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዳራሹ የወታደሮች ማደሪያ ሆነ። ከ1943 እስከ 1945 የግዛቱ ፍጻሜ ሌላ ቦታ ተደረገ። ከዚያ ውጭ ከ1928 እስከ 1971 በየዓመቱ እዚያው ነበር። በመሃሉ የብስክሌት ውድድር፣ የፈረስ ትርኢት፣ የበረዶ ላይ ዳንስና የፖለቲካ ስብሰባም አስተናግዷል። ትልቅ ቤት ባዶውን ሲቀመጥ ይከስራል።

ማይለን፣ 1954

ማይለን በደቡብ ምሥራቅ ኢንዲያና ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ትምህርት ቤቷ በ1954 161 ተማሪዎች ነበሩት። በዚያ ዓመት ውድድሩ ውስጥ ከ700 በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ማይለን እያሸነፈች፣ እያሸነፈች እስከ ፍጻሜው ደረሰች። የገጠማት ከአሥር እጥፍ በላይ ተማሪ ያለው ማንሲ ሴንትራል ነው፤ ያው የ1928ቱ ሻምፒዮን። የማይለን አሰልጣኝ ደግሞ የሂንክል ተማሪ የነበረው ማርቪን ዉድ፣ ዕድሜው 26።

በመጨረሻው ሩብ ላይ ማይለን በሁለት ነጥብ እየተመራች ነበር። ያን ጊዜ ቦቢ ፕላምፕ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ይዞ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። አራት ደቂቃ ከ13 ሰከንድ።

ዛሬ ይሄ አይቻልም፤ በሰዓት ገደብ ውስጥ ካልተወረወረ ኳሱ ለተቃራኒ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረም። ፕሮፌሽናሉ ሊግ ራሱ የ24 ሰከንዱን ሰዓት ያስገባው ከዚያ ጨዋታ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ግን እየተመሩ ኳስ ይዞ መቆም ምን ጥቅም አለው? ደካማ ቡድን ከጠንካራ ቡድን ጋር ብዙ ሙከራ ከተለዋወጠ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ሰዓቱ ካለቀ ግን የቀረው ጨዋታ ያጥራል። ባጠረ ጨዋታ ደግሞ አንዲት ቅርጫት ሁሉን ትቀይራለች። ሁለት ነጥብ በአንድ ውርወራ የሚመለስ ነው።

ፕላምፕ በመጨረሻ ወረወረና ሳተ። ማንሲ ግን ኳሱን አባከነ። ማይለን አቻ ሆነች፣ ቀጥላ መራች፣ ማንሲ እንደገና አቻ አደረገ። 30 ለ 30። ሰከንዶች ሲቀሩ ኳሱ ተመልሶ ፕላምፕ እጅ ላይ ነው። ጓደኞቹ ወደ አንድ ጎን ሸሽተው ቦታውን ለቀቁለት። ወረወረ፤ ገባ። 32 ለ 30።

ፕላምፕ በኋላ በዚያው አዳራሽ ለበትለር፣ ለሂንክል ተጫወተ። በማይለን ታሪክ መነሻነት በ1986 የወጣ ፊልምም የፍጻሜ ትዕይንቱ የተቀረጸው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። አዳራሹ ከአሜሪካ ውጭ የታወቀው በዚህ ነው።

ፊልሙ ያልነገረን

ማይለን ወደ ዋንጫው ስትሄድ በዚያው አዳራሽ ካሸነፈቻቸው ቡድኖች አንዱ ክሪስፐስ አተክስ ይባላል። ውጤቱ 65 ለ 52 ነበር። በተሸነፈው ቡድን ውስጥ ኦስካር ሮበርትሰን የሚባል ልጅ ነበር፤ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ።

ክሪስፐስ አተክስ በኢንዲያናፖሊስ በ1927 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ ፊልድሃውሱ ከመከፈቱ አንድ ዓመት ቀድሞ። የተከፈተው ጥቁር ተማሪዎችን ከነጮች ለመለየት ነው። በዚያን ጊዜ የነጮችን የበላይነት የሚሰብከው ድርጅት ኩ ክለክስ ክላን በኢንዲያና ፖለቲካ ውስጥ እጅግ ጠንካራ ነበር። ከዚያ በፊት ጥቁር ተማሪዎች በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከነጮች ጋር ይማሩ ነበር፤ አሁን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ተላኩ። የትምህርት ቤቱ ስም የተወሰደው በ1770 ቦስተን ላይ በእንግሊዝ ወታደሮች ጥይት ከተገደሉት አንዱ ከሆነው፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ዝርያ ካለው ሰው ነው።

«ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጠማል» ያልነው ውድድር እነዚህን ልጆች አይጨምርም ነበር። ማኅበሩ አተክስን በአባልነት የተቀበለው በ1942 ነው። እስከዚያ ድረስ ቡድኑ ተጋጣሚ ፍለጋ ወደ ሌሎች ግዛቶች ይጓዝ ነበር። ከተማው መሃል የአገሪቱ ትልቁ አዳራሽ ቆሟል፤ የዚያው ከተማ ልጆች ግን ለዋንጫው መጫወት አይችሉም። ስለዚህ አዳራሽ ሲወራ ይሄ አሥራ አራት ዓመት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለል የለበትም።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የሆነው ነገር አስደናቂ ነው። በአሰልጣኝ ሬይ ክሮው ጊዜ አተክስ ከግዛቱ ጠንካራ ቡድኖች አንዱ ሆነ። የራሱ ጂምናዚየም ተመልካቹን የሚይዝ አልነበረም። ስለዚህ ትልልቅ የሜዳው ጨዋታዎቹን በበትለር ፊልድሃውስ ያደርግ ጀመር። ለመለየት ተብሎ የተከፈተ ትምህርት ቤት፣ በከተማው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ባለሜዳ ሆነ። ነጭና ጥቁር ተመልካች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ያየው ጀመር።

በ1955 አተክስ ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ጌሪ ሩዝቬልት ነበር፤ እሱም የጥቁሮች ትምህርት ቤት። አተክስ 97 ለ 74 አሸነፈ። በአሜሪካ ታሪክ ለሁሉም ክፍት በሆነ የግዛት ሻምፒዮና ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሆነ። ሌላም አለ። ከዚያ በፊት ከኢንዲያናፖሊስ ከተማ ትምህርት ቤቶች አንዱም ይሄን ዋንጫ በልቶ አያውቅም ነበር። ውድድሩ ከተጀመረ 44 ዓመት ሆኖታል፤ ዋና ከተማዋ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ያገኘችው ከአተክስ ነው።

ሻምፒዮን ሲኮን በከተማው መሃል ባለው ሞኑመንት ሰርክል አደባባይ ላይ መጨፈር የተለመደ ነበር። የአተክስ ልጆችን የጫነው የእሳት አደጋ መኪና አደባባዩን ዞረ። እዚያ ግን አላቆማቸውም። በቀጥታ ወደ ጥቁሮች ሰፈር ወዳለ ፓርክ ተወሰዱ፤ ደስታችሁን እዚያ ጨርሱ ተባሉ። የከተማው ባለሥልጣናት ረብሻ ይነሳል ብለው ሰግተው ነበር። ሮበርትሰን በሕይወቱ ሙሉ ይሄን ምሽት በምሬት ያነሳዋል። መውቀስ የሚችል የለም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለከተማው ዋንጫ አምጥቷል፤ ከተማው ደግሞ መሃል ላይ እንዲቆም እንኳ አልፈቀደለትም።

በሚቀጥለው ዓመት አተክስ አንድም ሳይሸነፍ፣ 31 ጨዋታ አሸንፎ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። በኢንዲያና እንዲህ ያደረገ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ሮበርትሰን በ1960 ሮም ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በፕሮፌሽናል ሊግም ከምን ጊዜም ታላላቆች አንዱ ሆነ። በእኔ ሚዛን በዚህ አዳራሽ የተጻፈው ትልቁ ታሪክ የማይለን ውርወራ ሳይሆን የአተክስ ሁለት ዓመታት ናቸው። የማይለን ልጆች የገጠማቸው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የአተክስ ልጆች የገጠማቸው ደንቡም ነበር፣ ከተማውም ነበር።

ተከራዩ ሲለቅ

ከ1971 በኋላ የግዛቱ ፍጻሜ ከሂንክል ወጣ። አዳዲስና የበለጠ ሰፊ አዳራሾች ተሠርተው ነበር። ውድድሩ በ1972 ብሉሚንግተን ወደምትባል ሌላ የግዛቱ ከተማ ሄደ፤ ከዚያም ኢንዲያናፖሊስ መሃል ከተማ ወዳለ አዲስ አዳራሽ ተመለሰ። በትለር እጅ ላይ የቀረው አርጅቶ የሚፈስ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቤት ነው።

በዚያን ዘመን በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ቤት ይፈርስ ነበር። በትለር አላፈረሰም። አንዱ ምክንያት አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ አለመኖሩ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በ1983 ሕንጻው በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። በ1987 ደግሞ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። ይሄ የፌዴራሉ መንግሥት ለሕንጻ የሚሰጠው ከፍተኛው እውቅና ነው።

ይሄ እውቅና ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማል። ቅርስ የተባለ ሕንጻ ሚስማር እንኳ አይመታበትም የሚል ሰው አለ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የግል ባለቤት በራሱ ገንዘብ ሕንጻውን ማደስም መለወጥም ይችላል። ገደቡ የሚመጣው የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ሲገባበት ነው፤ ያን ጊዜ በቅርሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት መመርመር አለበት። በተረፈ እውቅናው የሚሰጠው ክብር ነው። ክብር ደግሞ ገንዘብ ለማሰባሰብ ይረዳል። «የድሮ ጂም እናድስ» ከማለት «ብሔራዊ ቅርስ እናድን» ማለት ለጋሽን በቶሎ ያሳምናል።

የወንበሩ ቁጥር እየቀነሰ የሄደውም እንዲሁ መብራራት አለበት። 15,000 የነበረው በ1989 ወደ 11,000 ገደማ ወረደ፤ ዛሬ 9,100 ገደማ ነው። ቤቱ አልጠበበም። የተለወጠው የአቀማመጡ ነገር ነው። ድሮ ሰው ረጅም የእንጨት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጥ ነበር። መደገፊያ ያለው ወንበር ሲገባ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ቦታ ይሰፋል። መተላለፊያውም ለደህንነት ሲባል መስፋት አለበት። ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ቦታም ይጨመራል። እያንዳንዱ ለውጥ ወንበር ይበላል፤ ቤቱን ግን ለሰው የተሻለ ያደርገዋል።

ትልቁ እድሳት የተጠናቀቀው በ2014 ነው፤ 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። ጡቡ ተጠገነ፣ መስኮቶቹ ታደሱ። በሕንጻው ውስጥ የነበረው የመዋኛ ገንዳ ቦታ ለስፖርተኛ ተማሪዎች የጥናትና የልምምድ ክፍል ሆነ። ቅስቶቹና ብርሃኑ ግን አልተነኩም። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መለየት የእድሳት ከባዱ ሥራ ነው።

ገንዘቡ የተገኘበት ጊዜ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ2010 በወጣቱ አሰልጣኝ ብራድ ስቲቨንስ የሚመራው በትለር ለአገሪቱ የኮሌጆች ፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜው የተደረገው በዚያው በኢንዲያናፖሊስ፣ በሉካስ ኦይል ስታዲየም ነበር። በዱክ ዩኒቨርሲቲ 61 ለ 59 ተሸነፈ። ሰዓቱ ሲያልቅ ጎርደን ሄይዋርድ ከሜዳው መሃል የወረወራት ኳስ ቀለበቱን ነክታ ወጣች። በ2011 እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ 53 ለ 41 ተሸነፈ። ዋንጫ አልመጣም። ግን አገሩ በሙሉ ይሄ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የትኛው ነው፣ የሚለማመድበት ያ አሮጌ ቤት ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ጀመረ። የእድሳቱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በዚህ ማዕበል ላይ ተሳፈረ።

በ2021 የኮሮና ወረርሽኝ የወንዶቹን የኮሌጅ ውድድር በሙሉ ወደ አንድ ግዛት ሰበሰበው። የተመረጠችው ኢንዲያና ናት። ጨዋታዎቹን ካስተናገዱት ስድስት ቦታዎች አንዱ ሂንክል ነበር። ተመልካቹ በወረርሽኙ ምክንያት የተወሰነ ነበር። ቤቱ ይሄን ውድድር ሲያስተናግድ አዲስ አልነበረም። በ1940 የምሥራቁ ክፍል ጨዋታዎች እዚያ ተደርገው ነበር፤ ከዚያ ያለፈው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲም የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል። ዛሬ የበትለር የወንዶችና የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኖች፣ የመረብ ኳስ ቡድኑም፣ የሜዳቸውን ጨዋታ የሚያደርጉት እዚያው ነው።